ሜካኒካል ኢ-ሲጋራ ከአዲስ ታንክ ጋር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ዕቃው እጄ ገብቷል። ከመዳብ የተሠራ ቱቦ፣ ከሥሩ የሚጫን ቁልፍ፣ ለአናቱ ሁለት ዓይነት ክዳን፤ በሌላ ካርቶን ደግሞ ፈሳሽ የሚሞላበት የመስታወት ታንክ። ቱቦው አንድ 18650 ባትሪ ይይዛል። ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል፦ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ስክሪን የለም፣ ገመድ የለም፣ ቺፕ የለም። አሠራሩ ከእጅ ባትሪ ብዙም አይለይም። ቁልፉ ሲጫን የባትሪው ግርጌ ከቱቦው ጋር ይገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ በታንኩ ውስጥ ባለው የሽቦ ጥቅል (ኮይል) ያልፋል፤ ሽቦው ይግላል፤ ጥጡ የጠጣው ፈሳሽ ወደ ተን ይለወጣል።

ቺፕ ያለው መሣሪያ ሽቦው ሾርት ካደረገ ራሱ ያቋርጣል፣ ባትሪው ሲደክም ያሳውቃል፣ ቁልፉ ተጭኖ ከቆየ ይዘጋል። እዚህ ያን ሁሉ የሚሠራው ተጠቃሚው ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፦ ባልለካሁት ኮይል ሥር ባትሪ አላስገባም። ከታች የምጽፈውም በአብዛኛው የመለካት ታሪክ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኔ ለዓመታት ሲጋራ ያጨስኩ ሰው ነኝ፣ ይህንም የያዝኩት ጭሱን ለመተው ነው። ትምባሆ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ሬንጅ እዚህ የለም፤ ይህ ማለት ግን ንጹሕ አየር ነው ማለት አይደለም። ኒኮቲኑ ሱስ ያስይዛል፣ ተኑም ለሳንባ ባዕድ ነው። አጭሶ የማያውቅ ሰው፣ በተለይ ወጣት፣ ይህን ዕቃ የሚጀምርበት አንድም ምክንያት አይታየኝም።

ሁለቱንም ፈታትቼ አጠብኩ። አዲስ ብረት ሲቆረጥ የማሽኑ ዘይት በጥርሶቹ መካከል ይቀራል፤ ያን ዘይት አሙቆ መሳብ አይገባም። ኦሪንጎቹን፣ ማለት ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚያግዱትን የጎማ ቀለበቶች፣ አውጥቼ ብረቱንና መስታወቱን በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፈተግኩ፣ በደንብ አለቀለቅኩ፣ በጨርቅ ላይ ዘርግቼ እንዲደርቅ ተውኩት። ጨርቁ ላይ ጥቁር ዱካ ስላየሁ የቱቦውን ጥርስ ደገምኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ቁልፉና ባትሪው

ቁልፉን በዝግታ መረመርኩት። በውስጡ የሚመልሰው ሞላ አለ። እዚህ ላይ ማወቅ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪኩ በሞላው ውስጥ ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው ነው። የሚያልፍ ከሆነ ሞላው ይግላል፣ ሲግል ይላላል፣ ከላላ ደግሞ ቁልፉ ተጭኖ ሊቀር ይችላል። የእኔው ሞላ በፕላስቲክ ቀለበት ላይ ተቀምጧል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው መካከሉ ላይ ያለው በብር የተለበጠ ብሎን ነው። ጥሩ ሥራ ነው። መቆለፊያ ቀለበትም አለው፤ ሲጠብቅ ቁልፉ ወደ ውስጥ አይገባም። ኪስ ውስጥ የሚገባ ሜካኒካል ያለ መቆለፊያ መሥራት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከቁልፉ በላይ በቱቦው ግድግዳ ላይ የጋዝ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። ባትሪ ከመጠን በላይ ከጋለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ መውጫ ካጣ የተዘጋው ቱቦ እንደ ቦንብ ይፈነዳል። በየቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አስገብቼ ክፍት መሆናቸውን አረጋገጥኩ።

አሁን ባትሪው። ብዙ ሰው ስለ ቱቦው ውበት ያወራል፤ ለእኔ ግን የዚህ ዕቃ ልብ ባትሪው ነው። ሊቲየም አዮን ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፣ ሲጠቀሙበት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መካከለኛው 3.6 ወይም 3.7 ይባላል። ወሳኙ ቁጥር ቮልቱ ሳይሆን ሴሉ ሳይጎዳ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው አምፔር ነው። በልባሱ ላይ 40 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያላቸው 18650 ባትሪዎች አሉ፤ ያ ቁጥር ቢበዛ ለቅጽበት የሚሆን ነው፣ አንዳንዴም ባዶ ማስታወቂያ ነው። እኔ የወሰድኩት አምራቹ ራሱ በመረጃ ወረቀቱ ላይ 20 አምፔር ያለማቋረጥ ይሰጣል ያለውን ሴል ነው። ደግሞ መታወቅ ያለበት፣ ትልልቆቹ የሴል አምራቾች እነዚህ ሴሎች በጥቅል ውስጥ ከመከላከያ ሰርኪት ጋር እንዲሠሩ እንጂ በተናጠል በሰው እጅ እንዲያዙ አይፈልጉም። ይህን ማስጠንቀቂያ እንደ ወግ ሳይሆን እንደ ቁም ነገር ነው የያዝኩት።

ልባሱን በመብራት ሥር እያዞርኩ አየሁት። የ18650 ሴል ብረት ገላ ከላይ እስከ ታች ኔጋቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ብቻ ናት። ሁለቱን የሚለያቸው ቀጭን ፕላስቲክና ከሥሩ ያለው የወረቀት ሮንዴላ ነው። ፕላስቲኩ ተቀዶ ገላው ከቱቦው ጋር ቢነካካ ቁልፉ ሳይጫን ኤሌክትሪክ ሊፈስ ይችላል። ትንሽ ጭረት እንኳ ካለ ልባሱ ይቀየራል እንጂ በፕላስተር አይጠገንም። የእኔ ንጹሕ ነው። ከቱቦ ውጭ ሲሆን መቀመጫው የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ የተጣለ ባትሪ ብዙ ሰው አቃጥሏል።

ቅዳሜ ማታ፦ ታንኩ ከቱቦው ጋር ይስማማል?

ታንኩ ከቱቦው ጋር የሚያያዝበት ብሎን 510 ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአንድ የቀድሞ ቀጭን ኢ-ሲጋራ ሞዴል ነው። ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። አብዛኛው አምራች በዚሁ ልክ ስለሚሠራ የአንዱ ታንክ በሌላው ቱቦ ላይ ይጠብቃል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ መጥበቁ መስማማቱን አያሳይም።

የ510 ብሎን ሁለት ነገር ነው። ዙሪያው ያለው ጥርስ ኔጋቲቭ ነው፣ መካከሉ ላይ ያለችው ፒን ፖዘቲቭ ናት፣ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቀለበት አለ። ከመጡልኝ ሁለት ክዳኖች አንደኛው ክፍት ነው፤ የባትሪው አናት በቀጥታ የታንኩን ፒን ይነካል። በዚህ ዓይነቱ ክዳን ፒኗ ከጥርሱ ወደ ውጭ በደንብ ካልወጣች፣ የባትሪው አናት ፒኗንና ጥርሱን በአንድ ጊዜ ይነካል። ያ ፍጹም ሾርት ነው፣ በመካከሉ የሚቋቋም ሽቦ የለም። የዚህ ዓይነት ሴል የውስጥ ተቃውሞው በጣም ትንሽ ስለሆነ ከ100 አምፔር በላይ ሊለቅ ይችላል። ቁልፉ ሰኮንድ እንኳ ቢያዝ ውጤቱ መጥፎ ነው።

ስለዚህ ታንኩን ገልብጬ ፒኗን በካሊፐር ለካሁ። ከጥርሱ የወጣችው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። በካቻቢቴ ትንሽ ለማውጣት ሞከርኩ፤ ከዚያ በላይ ከወጣች ውስጡ ያለውን የኮይል መያዣ ትለቃለች። ታንኩ ጉድለት የለበትም፣ ለዚያ ክዳን አልተሠራም እንጂ። ክፍቱን ክዳን ወደ ካርቶኑ መለስኩና ሁለተኛውን ገጠምኩ። ይህኛው የራሱ የናስ ምሰሶ አለው፤ ባትሪው ምሰሶውን ይነካል፣ ምሰሶው ፒኗን ይነካል፣ ጥርሱ ከባትሪው ርቆ ይቀመጣል። ትንሽ ቮልት ይበላል፣ እንቅልፍ ግን ይሰጣል።

እሑድ ጠዋት፦ ኮይሉ

ሽቦው ካንታል ነው፣ የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ። ኒኬልና ታይታኒየም የሚባሉት ሽቦዎች ሙቀት ለሚቆጣጠር ቺፕ የታሰቡ ናቸው፤ ሜካኒካል ላይ ቦታ የላቸውም።

ከመጠቅለሌ በፊት ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁ። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካንታል ተቃውሞው በአንድ ሜትር 11.5 ኦም ያህል ነው። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ላይ ሲጠቀለል አንዱ ዙር 10.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሽቦ ይወስዳል። 8 ዙር ከሁለቱ እግሮቹ ጋር 95 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለት 1.1 ኦም። ባትሪው ሙሉ ሲሆን 4.2 ለ1.1 ሲካፈል 3.8 አምፔር ነው፣ ኃይሉም 16 ዋት። ከ20 አምፔሩ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ክፍተት መተዌን አንዳንዱ ፍርሃት ሊለው ይችላል። ለንጽጽር ይህን ይመልከት፦ ያው ባትሪ በ0.2 ኦም 21 አምፔር ይጠየቃል፣ ከአቅሙ በላይ ማለት ነው፣ ያውም ባትሪው አዲስ ከሆነ። ባትሪ ደግሞ ያረጃል።

ጠቀለልኩት፣ እግሮቹን በብሎኖቹ ሥር አጠበቅኩ፣ ትርፉን ከሥሩ ቆረጥኩ። ተርፋ የቀረች የሽቦ ጫፍ የታንኩን ክዳን ከነካች እንደገና ሾርት ነው፤ ክዳኑን አስቀምጬ ከጎን በመብራት አየሁት፣ አይነካም።

ከዚያ መለካት። ተራ መልቲሜትር ትናንሽ ኦሞችን ሲለካ የራሱን ገመዶች ተቃውሞ ይጨምራል። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካካሁ፦ 0.3 አለ። ከዚያ ከፒኗና ከጥርሱ ጋር አገናኘሁ፦ 1.4። ልዩነቱ 1.1 ነው፣ ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። ገመዱን ያልቀነሰ ሰው 1.4 ኦም ያለው መስሎት ይሄዳል፤ ኮይሉ 0.2 በሆነበት ጊዜ ደግሞ 0.5 ነው ብሎ ያምናል፣ ያ ስሕተት እጅ ያስቆርጣል። አሁን የሚወዛወዝ ነገር ካለ ብዬ ታንኩን ነቀነቅኩት፤ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም።

ባትሪውን አስገብቼ ያለ ጥጥ ለአፍታ ተጫንኩ። መጀመሪያ አንዱ ጫፍ ብቻ ቀላ። ለቀቅኩ፣ እስኪበርድ ጠበቅኩ፣ በሴራሚክ ጫፍ ወረንጦ ዙሮቹን አጠጋጋሁ፣ እንደገና ነካ አደረግኩ። ጥቂት ከተደጋገመ በኋላ መቅላቱ ከመካከል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፍ እኩል ተስፋፋ። አንድ ነጥብ ብቻ የሚግል ኮይል ጥጡን በዚያች ነጥብ ያቃጥላል።

እሑድ ከሰዓት፦ ጥጡ

ይህን ክፍል ሰዎች አቅልለው ያልፉታል፤ የታንኩን ግማሽ ጠባይ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ጥጡ ጠባብ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ኮይሉ አይደርስም፤ ሰፊ ከሆነ ፈሳሹ ያለ ልክ ይገባና በአየር ቀዳዳው ይወጣል። ልኩን ለማወቅ ጥጡን በኮይሉ ውስጥ ሳሳልፍ ኮይሉን ሳያጣምም ትንሽ እንዲታገል አደርጋለሁ። ጫፎቹን አሳስቼ በማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ላይ አስተኛሁ። መሸፈን አለባቸው፣ መወተፍ የለባቸውም።

ደረቅ ጥጥ ላይ ኮይል ሲግል የሚመጣው መራራ ሽታ ጉሮሮን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ከመጠን በላይ ሲሞቅ አክሮሊን የሚባል ሳንባ የሚቆጣ ነገር ይወጣዋል። ቺፕ ያለው መሣሪያ አንዳንዱ ይህን ያግዳል፤ እዚህ የሚያግደው አፍንጫ ነው። የመጀመሪያዋ የመቃጠል ሽታ ስትመጣ መተው፣ ከፍቶ ማየት። ጥጡ ከጠቆረ ይቀየራል።

ማታ፦ መሙላትና መሳብ

ፈሳሹ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል እኩል ለእኩል ነው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 12 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለው። ግሊሰሪን ወፍራምና ዘገምተኛ ነው፣ ብዙ ተን ይሰጣል፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል ቀጭን ነው፣ ጣዕሙን ይሸከማል፣ ቶሎ ይሰርጋል። የዚህ ታንክ ማስገቢያ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ 70 በመቶ ግሊሰሪን ያለው ፈሳሽ የሚበቃ ያህል አይደርስም ብዬ ገመትኩ። ጣዕሙ ላይም መራጭ ነኝ፤ ቅቤ ቅቤ የሚል ማጣፈጫ ዳይአሴታይል ሊኖረው ይችላል፣ ሲበላ ችግር የለበትም፣ በሳንባ ሲገባ ግን ጎጂ ነው።

ጓንት አድርጌ ሞላሁ። ኒኮቲን በቆዳ ይገባል፤ ጠርሙሱ ደግሞ ልጅ በማይደርስበት፣ በተቆለፈ ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ለሕፃን ትንሹም መርዝ ነው። ታንኩ 4 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ታንክ ከ2 ሚሊ ሊትር፣ ኒኮቲንም በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ስለዚህ የዚያ ገበያ ታንክ ከዚህ ያንሳል።

ስሞላ የአየር ቀዳዳውን ዘጋሁ። ታንክ ፈሳሹን የሚይዘው ከላይ ባለው የአየር እጥረት ነው፤ ፈሳሹ ሲወርድ ከላይ ያለው አየር ይሳሳል፣ ያም ፈሳሹን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ክዳኑ ሲከፈት ያ ጉተታ ይጠፋል፣ ጥጡም ይጥለቀለቃል። ክዳኑን ካጠበቅኩ በኋላ ገልብጬ ቀዳዳውን ከፈትኩ፣ ከዚያ ጥጡ እስኪጠግብ ጠበቅኩ።

የመጀመሪያው ስበት ጥሩ ነው። አየሩን አጥብቤ በመጀመሪያ ወደ አፍ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ፣ እንደ ሲጋራ። ተኑ ሞቅ ያለ ነው፣ ጣዕሙ ግልጽ ነው። ቁልፉን ስጫን ወዲያው ይሰጣል፣ ስለቅቅ ወዲያው ያቆማል። ይህን ቀጥተኛነት ወደድኩት።

ሰኞ፦ የጠፋው ቮልት

ባትሪው ሲቀመጥ 4.18 ይላል። ኮይሉ ላይ ግን ስንት ይደርሳል? ጥጡን አርጥቤ፣ የታንኩን አናት አውርጄ፣ የመልቲሜትሩን ጫፎች በኮይሉ ሁለት ብሎኖች ላይ አድርጌ ለአፍታ ተጫንኩ፦ 3.95። በመንገድ 0.23 ቮልት ጠፍቷል። በኃይል ሲሰላ ከ15.9 ዋት ወደ 14.2። የጠፋው የትም አልሄደም፣ በየመገናኛው ሙቀት ሆኗል፤ ከፊሉ ደግሞ በባትሪው ውስጥ።

መዳብ ጥሩ አስተላላፊ ነው፣ ናስ ይከተላል፣ አይዝጌ ብረት ከመዳብ በአርባ እጥፍ ገደማ ይቃወማል። ታንኩ ከአይዝጌ ብረት ነው፣ እሱን አልቀይረውም። ቱቦው ውስጥ ግን መዳቡ ጠቁሯል። የቁልፉን መገናኛና ጥርሶቹን በሎሚ ጭማቂና በጨው አጽድቼ አጥቤ አደረቅኩ። በድጋሚ ስለካ 4.03 አገኘሁ። ከውጭ የማይታይ ጥቁረት ይህን ያህል ይወስዳል። ቁልፉ ሲነካ ሞቅ የሚል ከሆነም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ሙቀቱ ከቀጠለ መጠቀም ማቆም ይሻላል።

ማክሰኞ፦ ማፍሰሱ

ጠዋት ላይ ታንኩ ሥር ፈሳሽ አገኘሁ። ከየት? ታንኩን አድርቄ በነጭ ሶፍት ላይ አስቀመጥኩት። ከመስታወቱ ግርጌ ቢመጣ ኦሪንጉ ነው፤ ከአየር ቀዳዳው ቢመጣ ጥጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከአየር ቀዳዳው መጣ። ጥጡን አየሁት፣ ቀዳዳዎቹን በደንብ ሸፍኗል። እንግዲህ ፈሳሹ ከታች የሚወጣው ከላይ አየር ስለሚገባ ነው ማለት ነው። ላይኛውን የመሙያ ክዳን ፈታሁ። ውስጡ ያለው ኦሪንግ ላይ በመርፌ የምትነካ ያህል ስንጥቅ ነበረች፣ ከፋብሪካ ሲገጠም ጥርስ ነክሶት ይመስላል። በመለዋወጫ ከረጢቱ የመጣውን ተካሁ፣ በአንድ ጠብታ ፈሳሽ አርሼ አስገባሁት። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ዋለ።

የሚያፈስ ታንክ ያለው ሰው ጥጥ እየጨመረ ሲደክም አይቻለሁ። ከታች የሚያፈሰውን ከላይ ፈልጉት።

ሐሙስ

ብዙ የምጽፈው የለም። ባትሪው ሲወርድ ተኑ ይቀንሳል፦ በ3.7 ቮልት 12.4 ዋት፣ በ3.5 ደግሞ 11.1። ቺፕ ያለው መሣሪያ ይህን መቀነስ ይደብቃል። እዚህ ተኑ ራሱ ይናገራል። ሲቀዘቅዝብኝ አውጥቼ ለካሁት፣ 3.6 ነበር፣ ወደ ቻርጀር ሄደ። ከ3.5 በታች ማውረድ አልፈልግም፣ የሴሉን ዕድሜ ያሳጥራል። ቻርጅ የማደርገው በራሱ ቻርጀር፣ እኔ ባለሁበት ነው።

ቅዳሜ

ኮይሉ ጣዕሙ ደብዝዟል። ጥጡን አወጣሁ፤ ኮይሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት አለ፣ ከፈሳሹ ማጣፈጫ የተጋገረ። ያለ ጥጥ በአጭር አጭር ተጭኜ አቃጠልኩት፣ ሲበርድ በውሃ አለቀለቅኩ፣ በስስ ብሩሽ ጠረግኩ። እንደገና ለካሁ፦ 1.1። አዲስ ጥጥ ገባ፣ ጣዕሙ ተመለሰ።

ታንኩን እይዘዋለሁ። መስታወቱ ወፍራም ነው፣ የአየሩ ቀለበት በጥሩ ሁኔታ ይዞራል፣ ኦሪንጉ ከተቀየረ ወዲህ ጠብታ አላየሁም። ቱቦውንም እንዲሁ። ክፍቱን ክዳን ግን ፒኗ ረጅም የሆነ ሌላ ታንክ እስካገኝ አልጠቀምበትም፤ ሣጥኑ ላይ «ለዚህ ታንክ አይሆንም» ብዬ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍኩበት፣ እኔ በሌለሁበት ሌላ ሰው ቢያገኘው ብዬ።

የሚቀጥለው ጥቅል 6 ዙር ነው። በወረቀት 0.85 ኦም ያህል ይመጣል፤ 4.2 ሲካፈል ለ0.85፣ 5 አምፔር ገደማ። ሽቦውን ቆርጫለሁ፣ መልቲሜትሩ አጠገቡ ነው፣ ባትሪው ሣጥኑ ውስጥ።